እስከ ፋሲካ ታገሽኝ

«…ከዚያማ ዓሣውን በጅራቱ አንጠልጥሎ፣ ‹ጌታው፣ ይኼ ቆሮሶ እንዲህ የከሳው ሁዳዴን ይዞ ነው፤ እንደርስዎ ጾመኛ ነው› አይለው መሰላችሁ!»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ወሬውን ያመጣው ሀሚድ ከማንም በላይ ሳቀና በፎጣው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ፤ የሳቅ እንባ ይሁን የሌላ፣ የጠየቀው የለም። ሠላሳ ዓመት በአንድ ታንኳ አብሮት ዓሣ ያጠመደውን ጓደኛውን ባዬን ትናንት ረቡዕ ነው የቀበረው።

ዛሬ ጸሎተ ሐሙስ ነው። ሐይቅ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውኃው በሚያወርደው ሰፈር፣ ባዬ ደጃፍ ላይ ድንኳን ተጥሏል፤ ጎረቤቱ ጉልባኑን በሳህን ይዞ እየገባ የሟቹን ቀልድ ተራ በተራ ያወጣል። ለቅሶ ቤት መሆኑን ያላወቀ መንገደኛ ሰርግ መስሎት ቢያልፍ አይፈረድበትም። ባዬም በዚህ የሚቀየም ሰው አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስቅ ኖሮ፣ ሞትኩ ብሎ ማሳቁን ቢተው ነበር የሚገርመው።

ያልሳቀችው ሚስቱ ስህን ናት። ፍራሹ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም ማለት አይደለም፤ ድምጿ እስኪዘጋ አልቅሳለች። ነገር ግን ከለቅሶው ሥር ሌላ ነገር አለ፤ እሱን ለማንም አልተነፈሰችም።

ሳምንቱም አላገዛትም። ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ ክርስቲያን ክርስቲያንን አይስምም፤ ይሁዳ ጌታውን አሳልፎ የሰጠው በመሳም ነውና እስከ ፋሲካ መሳሳምም መጨባበጥም የለም። ስለዚህ ክርስቲያን ጎረቤቶቿ ይገባሉ፣ ከሩቅ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብለው ይቀመጣሉ። አቅፈው የሚያለቅሱላት ሙስሊም ጎረቤቶቿ ብቻ ሆኑ። የሀሚድ ሚስት ራዚያማ በመጣች ቁጥር አንገቷን አንቃ፣ ግራና ቀኝ ጉንጯን እያገላበጠች ትስማታለች። ለተብርሃን የምትባለው የጓሮ ጎረቤት «ኧረ ሕማማት ነው» ብላ ልትገላግል ብትነሣ፣ ራዚያ ዞር እንኳ ሳትል፣ «ሕማማቱ የናንተ ነው፤ እኔ እህቴን ነው የምስመው» አለቻት። በነዚያ ቀናት ስህን የሰው ሙቀት ያገኘችው እዚያ አንገት ሥር ነው።

ራዚያ ባዶ እጇንም አልመጣችም። አንድ ቀይ አውራ ዶሮ አምጥታ የድንኳኑ ቋሚ ላይ አሰረችው። ሐዘንተኛ ገበያ አይወጣም፣ ፋሲካ ደግሞ ሐዘንተኛ ቤት ነው ብሎ አይዘልም አለች። ዶሮው ሰዓት የማያውቅ ሆነና ሰው አፉን ለማጽናናት በከፈተ ቁጥር ይጮኻል። ባዬ ቢኖር ይኼን ጊዜ ስም አውጥቶለታል።

ሀሚድ በበኩሉ አንድ ጥያቄ ይዞ አልለቅ አለ። የስህንን ልጅ ሕይወትን፣ ውጫሌ አስተማሪ ናት፣ ባገኛት ቁጥር ጠጋ ብሎ ፋሲካ መቼ እንደሚገባ ይጠይቃታል። እሑድ ነው ስትለው፣ እሑድ ጧት ነው ወይስ ከዚያ በፊት ይላል። ሕይወት ጋሽ ሀሚድ ዶሮውን እያሰበ ነው ብላ በሐዘኗ መሀል ፈገግ አለች። በዚያ ላይ ሰውየው ሲጠይቅ የሸሚዝ ኪሱን በእጁ ጫን ያደርጋል፤ ይህንን ግን ልብ ያለው የለም።

ከሰዓት በኋላ ስህን ውኃ ልትጠጣ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ ከቆርቆሮው ማዶ ለተብርሃን ለአንዷ ስታንሾካሹክ ሰማች። ክፋት አልነበረውም፤ አዝና ነው የምታወራው። ምስኪን ባዬ፣ ፍትሐት እንኳ ሳያገኝ፣ ሆሣዕና ዕለት ቆሞ ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት፣ ነበር ያለችው።

ስህን ጣሳውን እንደያዘች ቀረች። ከለቅሶው ሥር ያለው ነገር ይኸው ነው፤ በሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ሰማችው።

በሰሙነ ሕማማት ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም። ካህናቱ ያን ሳምንት የጌታን መከራ እንጂ የሌላ ሰው ሞት አያስቡም። በዚህ ምክንያት ሆሣዕና እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለቆመው ሕዝብ ሁሉ ገና በቁሙ ሳለ ፍትሐቱ ይደረግለታል፤ በዚያ ሳምንት ቢሞት ያ ይበቃዋል። ልጅ ያዘለችውም፣ ጎረምሳውም፣ ሽማግሌውም ዘንባባ በጣቱ ጠምዝዞ የገዛ ራሱን መሸኛ ቆሞ ይሰማል። ባዬ ረቡዕ ሞተ። ደወል ሳይደወል፣ ካህን ሳያዜም፣ ዝም ተብሎ ተቀበረ። ሆሣዕና ዕለት ደግሞ፣ ሚስቱ እንደምታውቀው፣ መረቡን ተሸክሞ ወደ አርዲቦ ሐይቅ ሄዶ ነበር።

ባዬ ከቤተ ክርስቲያን የራቀበት ይህ ጠብ ሰባት ዓመቱ ነው።

ወንድ ልጃቸው ዝናው በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ወጥቶ ነበር። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ እንደሚያደርገው አደረገ። ጀልባዋ መሀል ባሕር ላይ ተገለበጠች። መርዶውን ይዞ የመጣው አብሮት የነበረ ሙስዓብ የሚባል ልጅ ነው፤ ባዬን ውኃ ዳር አግኝቶ ነገረው። ባዬ አልጮኸም። ልጁ የነገረውን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ዋና ያስተማርኩት እኮ እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ ታንኳውን ብቻውን እየቀዘፈ ሐይቁ መሀል ገባና ፀሐይ እስክትጠልቅ እዚያው ቆመ። እዚያ ምን እንዳለና ማንን እንደተናገረ የሰማ የለም። ቤቱ ሲገባ ግን ለስህን ነገራት።

«ከእንግዲህ እኔና እሱ ተጣልተናል።»

ማን ብላ አልጠየቀችውም፤ ገብቷታል። አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ከዚያ ወዲህ ባዬ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጠም። ውጭ መቀለዱን አልተወም፤ ቤቱ ውስጥ ግን አምባሰል ማንጎራጎሩን ተወ። የአምባሰል ልጅ ነበር፤ ከውጫሌ በላይ ተራራው ሥር ነው የተወለደው፣ መረብ ሲጠግን ያቺን ዜማ ሳይል አይውልም ነበር። ዝም አለ። ያልተወው አንድ ሥራ ቢኖር ቄጤማው ነው። ለቀዳም ሹር የከተማው ቤተ ክርስቲያን የሚያድለውን ቄጤማ ከሐይቁ ዳር የሚያጭደው ከድሮም እሱ ነው። በጠቡም ዘመን አጭዶ፣ ተሸክሞ፣ ቅጥሩ በር ላይ አስቀምጦ ይመለሳል። የንስሐ አባታቸው መምሬ ሽታው አንድ ቀን በሩ ላይ ጠብቀው ቢይዙት፣ «ከቄጤማው ጋር ጠብ የለኝም» ብሏቸው ሄደ። ቅዳሜ ካህናቱ ያንኑ ቄጤማ ይዘው ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ራሱ ላይ ያስራል፤ ባዬ ግን፣ «እኔ አጫጁ ነኝ፤ አጫጅ አያስርም» ይልና በጓሮ በር ይወጣል። መምሬ ርግቧ ለኖኅ ለምለም ቅጠል ይዛ እንደመጣች፣ የጥፋት ውኃ እንደጎደለ ሲናገሩ መስማት አይፈልግም ነበር። የኔ ውኃ አልጎደለም ይል ነበር።

እንግዲህ ባለፈው እሑድ፣ በሆሣዕና፣ ጎህ ሳይቀድ ከሀሚድ ጋር መረብ ተሸክሞ ሲወጣ ስህን ምን ያህል እንደተናደደች መገመት አያቅትም። ከቅዳሴ መልስ ቀኑን ሙሉ ስትብሰለሰል ዋለች። ባዬ ማታ ተመለሰ። አንድ ዓሣ አልያዘም። ጫማው አቧራ ለብሷል፣ ደረቱ እያፈነው ያለከልካል፣ ያም ሆኖ ያንጎራጉራል። ከሰባት ዓመት በኋላ አምባሰል ያንጎራጉራል! ስህን ይህን ስትሰማ ደስ ሊላት ሲገባ ጭራሽ ጋለች። ያን ዕለት፣ በሆሣዕና፣ የሱ ደስታ ከውኃው መጣ ብላ ነው።

«ልጄን ውኃ በላው» አለችው። «አንተን ደግሞ በቁምህ በላህ።»

ባዬ ማንጎራጎሩን አቆመ። መረቡን ከትከሻው አወረደ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እስከ ፋሲካ ታገሽኝ» አላት።

እሷ ይህን ነገር ለምዳዋለች። ጣራው ሲያፈስ እስከ በጋ ታገሽኝ፣ በሩ ሲሰበር እስከ መስቀል ታገሽኝ ይላታል። ጀርባዋን ሰጠችው። ሰኞና ማክሰኞ ምግብ ስታቀርብለት ካልሆነ አላናገረችውም። ረቡዕ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጓሮ፣ ከዛፉ ሥር፣ መረቡን ጉልበቱ ላይ እንደዘረጋ ግንዱን ተደግፎ አገኘችው። የተኛ መስሏት፣ ተነሥ ፀሐይ መታህ አለችው። ከእሑድ ወዲህ ያለችው የደግ ቃል እሱ ብቻ ነው፤ አልሰማትም።

መምሬ ሽታው ሐሙስ ከእግር አጠባው ሥርዓት በኋላ ወደ ድንኳኑ መጡ። በመጀመሪያ አቅማምተው ስለ ቄጤማው አነሡ፤ ለቅዳሜ የሚያጭድ ሰው አላገኙም። ሀሚድ ከተቀመጠበት፣ «እኔ አለሁ፤ ቦታውን አውቀዋለሁ» አለ። ሰው ሁሉ አየው። ሙስሊሙ ሀሚድ ለቀዳም ሹር ቄጤማ ሊያጭድ! መምሬ ግን እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብለው ተቀበሉ፤ ነገሩ አለቀ።

ሊሄዱ ሲነሡ ስህን እስከ ደጅ ሸኘቻቸው።

«መምሬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እንዳያባብሉኝ። ባዬ እንደተጣላ ነው የሞተው?»

መምሬ ስለ ፍትሐቱ አታስቢ፣ አርባው ሲደርስ በስሙ እንጸልይለታለን አሏት። ስለ ፍትሐቱ አይደለም የምጠይቅዎ አለች፤ ስለ ልቡ ነው። ሽማግሌው መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ልቡን እኔ አላውቅም» አሏት። «አውቃለሁ ብልሽ መዋሸት ነው። የማውቀውን ልንገርሽ፤ ባዬ ከእግዚአብሔር ተጣላ እንጂ፣ እግዚአብሔር ከባዬ አልተጣላም።»

ጥሩ ቃል ነበር። ስህን ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ይዛ ገባች።

ዓርብ ስቅለት ነው። ሐዘንተኛ ናት ቅሪ ብትባል አሻፈረኝ ብላ ሄደች። ከጧት ጀምሮ ስትሰግድ ዋለች፤ ስትወድቅ፣ ስትነሣ፣ ስትወድቅ። ጉልበቷ አልታዘዝ አለ። ሕይወት ከጎኗ ሆና ክንዷን እየደገፈች፣ «እማ፣ በቃሽ፣ ሞተሽ ልትጨምሪልን ነው?» አለቻት።

«የኔን ጨርሻለሁ» አለች ስህን። «ይኼ ያባትሽ ነው።»

ሕይወት እጇን ለቀቀቻት። ትንሽ ቆይታ እሷም አብራት መስገድ ጀመረች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሀሚድ እስከ ወገቡ ረጥቦ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ የቄጤማ ሸክም ተሸክሞ በሰፈሩ መሀል አለፈ። ራዚያ ከኋላው እየተከተለች ትጮኽበታለች። ለካ ሠላሳ ዓመት ባዬ ሲያጭድ ታንኳው ላይ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር እንጂ አንድ ቀን እንኳ አጭዶ አያውቅም፤ ረግረጉ ውስጥ ሁለት ጊዜ ወድቋል። ሲያጭድም ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ለወረዳው በሙሉ የሚበቃ ነው ያጨደው። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት እያዩት ሳቁ፤ ሕይወትም ሳቀች። ስህን ከንፈሯ ትንሽ ፈታ ሲል ያየች ራዚያ ሮጣ ሄዳ ሳመቻት።

ከዚያ የቃጭል ድምፅ ተሰማ። መምሬ ሽታው ከአንድ ዲያቆን ጋር ቄጤማውን ይዘው ደረሱ። ክርስቶስ ተነሥቷል፣ ሰላም ሆኗል አሉ፤ ሰዉ ተቀበለ። እንደ ልማዳቸው ስለ ኖኅ፣ ስለ ርግቧ፣ ስለ ጎደለው ውኃ ተናገሩ። ለእያንዳንዱ ሰው ቄጤማ ሰጡ። ስህን የራሷን ተቀብላ አላሰረችውም፤ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ሀሚድ ልብሱን ሳይቀይር ከድንኳኑ አፍ ላይ ቆሞ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ።

«መምሬ፣ አንድ ነገር። አሁን ፋሲካ ገባ ይባላል ወይስ አልገባም?»

ሕይወት ወደ ዶሮው አየች። መምሬ ግን ጥያቄውን ከልብ ወስደው፣ ጾሙ ሌሊት ነው የሚፈታ፣ የምሥራቹ ግን ዛሬ ነው፤ ስለዚህ ገብቷል ብትል አልተሳሳትህም አሉት።

«እንግዲያው አማናዬ፣ የአደራዬ ቀን፣ ደረሰ» አለ ሀሚድ። ገብቶ ስህን ፊት መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ስህን፣ ስሚኝ። ባዬ እስከ ፋሲካ እንዳትናገር ብሎ አስምሎኛል። ወላሂ ብዬለታለሁ። ከሞተ በኋላም ወላሂ ወላሂ ነው፤ የሙት አደራ ደግሞ ይብሳል። ለዚህ ነው ዝም ያልኩት። እሑድ አርዲቦ አልሄድንም።»

ከዚያ ነገሩን ሁሉ አወራው። እሑድ በጨለማ ሚኒባስ ይዘው ወደ ውጫሌ ነው የሄዱት። ባዬ መረቡን የያዘው ስህን እንዳትጠረጥር ነው፤ የሚያስቀምጡበት ቦታ ስላጡ ከነመረባቸው ተሳፈሩ። ሕይወት እንዳታያቸው ውጫሌን ፎጣ ተከናንበው አቋረጧት። ከዚያ ወደ ባዬ የትውልድ መንደር፣ ወደ ሚካኤል፣ ተራራውን በእግር ተያያዙት። ባዬ ደረቱን እያመመው አሥር እርምጃ ሄዶ ያርፋል። መረቡ በሀሚድ ትከሻ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሰዎች እያዩ፣ እናንተ ሰዎች ተራራ ላይ ዓሣ አለ እንዴ ቢሏቸው ባዬ፣ ዛሬ የሚጠመደው ዓሣ እኔ ነኝ ይላቸው ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ቶሎ ቆመ።

«ለምን እዚያው ሐይቅ ቤተ ክርስቲያን አልገባህም ብዬ ጠየቅሁት» አለ ሀሚድ። «እዚያ ስህን ታየኛለች፤ እሷን ለፋሲካ ነው የማስገርማት፤ በፋሲካ ማታ ቄጤማዬን ይዤ፣ በበሩ፣ ከሷ ጋር እገባለሁ አለኝ። ደግሞ ያጠመቁኝ እዚያ ነው፣ መታረቅም እዚያ ይሻላል አለ። እኔ ደጅ ካለው ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። በበሩ አየዋለሁ። አንድ ሽማግሌ ቄስ ይዞ ጥግ ሄደ፤ ብዙ አወራ፤ አለቀሰ። ባዬ ሲያለቅስ ያየሁት የዚያን ቀን ነው፤ ለዝናው እንኳ ፊቴ አላለቀሰም። በኋላ ሕዝቡ መሀል ቆመ። ዘንባባ ሰጡት።»

«ፍትሐቱስ?» አሉ መምሬ ሽታው። «ከቅዳሴ በኋላ ቆየ?»

ሀሚድ እኔ ያንን ስሙን አላውቀውም አለ። የሚያውቀው፣ ፀሐይ መሀል ሰማይ ደርሳ ሌላው ሰው ሁሉ ሲወጣ ባዬ ከመጨረሻዎቹ ጋር መውጣቱን ነው። ምነው ይህን ያህል ቆያችሁ ቢለው ባዬ እየሳቀ፣ የቀብሬን ጸሎት ስሰማ ነበር፤ ቆሜ ሰማሁት፣ ዛሬ ብሞት የሚቀረኝ የለም አለው። ሀሚድ ተቆጥቶ አስተግፊሩላህ በል፣ ምን ያሟርትሃል ብሎት ነበር። ባዬ ግን ሳቁን አልተወም።

መምሬ ሽታው ወደ ሰማይ አዩና መቋሚያቸውን ደገፍ አሉ።

«ስህን» አሉ፣ «ሰምተሻል? ሙት ሁሉ ተገንዞ የሚሰማውን እሱ ቆሞ ሰምቶታል።»

ስህን ሀሚድን ብቻ ነው የምታየው። «ለምን ታረቀ?» አለች። «ሰባት ዓመት ሙሉ… ምን አግኝቶ?»

ሀሚድ ፎጣውን ከአንገቱ ላይ አወረደ። «እኔ ይኼን ሃይማኖታችሁን አላውቀውም፤ እንዳለኝ ነው የምነግርሽ፤ አልጨምር፣ አልቀንስ። ስንወርድ ድንጋይ ላይ አረፍን። እንዲህ አለኝ። ‹ሀሚድ፣ ሰባት ዓመት ልጁን ያጣሁ እኔ ብቻ መስሎኝ ስጮኽበት ነበር። እሱም ልጁን በሰው እጅ አጥቷል፤ በሦስተኛው ቀን ግን ተቀበለው። እኔና አንተ መረብ ጥለን ሳንሰበስብ አድረን እናውቃለን? እኛ እንኳ ለቆሮሶ ብለን በዝናብ እንወጣለን። እሱ ልጄን ባሕር ውስጥ ጥሎ ይቀራል? ይሰበስበዋል፤ ቀኑ እስኪደርስ ነው።› ይኸው ነው። ከዚያ ተነሣና ማንጎራጎር ጀመረ። እስከ ሐይቅ ድረስ አላቆመም፤ ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉ። እኔ አፈርኩ።»

ስህን ያኔ ሳቀች። መጀመሪያ እንደ ሳል ነው የወጣው፤ በኋላ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ ወረደ፣ አልቆም አላት። መረብ ተሸክመው አምባሰል ተራራ! ሰዉ እያያት ሳቀ። ራዚያ ታለቅሳለች፣ ለተብርሃን ታለቅሳለች፣ ሁለቱ እርስ በርስ ተቃቅፈው ሕማማቱም ተረሳ። ዶሮው ጮኸ። በዚያ ሳቅ መሀል ስህን ደግማ ደጋግማ፣ «ታገሽኝ አለኝ እኮ፤ እስከ ፋሲካ ታገሽኝ አለኝ እኮ» ትላለች።

ትንሽ ጸጥ ሲል ሀሚድ ከሸሚዝ ኪሱ የታጠፈ መሐረብ አወጣ። ሲፈታው ውስጡ በቀጭኑ የተጎነጎነ የዘንባባ ቀለበት አለ፤ ደርቆ ቢጫ ሆኗል። ባዬ ተራራው ላይ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ ለሷ የጎነጎነው ነው። ቤት ይዞት ቢገባ፣ ሚስቴ ኪሴን እንደ ፖሊስ ነው የምትፈትሸው ብሎ ለሀሚድ አደራ ሰጠው። ስህን ተቀብላ ወደ ቀለበት ጣቷ ብትሰደው አልገባም። የልጅነት ጣቷን እያሰበ ነው የጎነጎነው። ወደ ትንሿ ጣቷ አዞረችው፤ ልክ ሆነ።

ከዚያ ጭኗ ላይ የነበረውን ቄጤማ አንሥታ ራሷ ላይ አሰረች። ከፍራሹ ማንም ሳይደግፋት ተነሣች። ከመምሬ እጅ አንድ ሌላ ዘለላ ቄጤማ ለምና ወደ ቤት ገባች። ሕይወት ተከተለቻት።

ከበሩ ጀርባ፣ ባዬ ሁልጊዜ በሚያስቀምጥበት ምስማር ላይ፣ የሣር ባርኔጣው ተሰቅሏል። ስህን አወረደችው። አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ቄጤማውን ዙሪያውን አስራ፣ ጫፉን ባርኔጣው ግንባር ላይ ቋጠረችው።

«እንግዲህ አጫጁም አሰረ» አለች፤ መልሳም ምስማሩ ላይ ሰቀለችው።